የቅብ ክፍሉ ውሃ

መስከረም 20

ለውድ የእህቴ ልጅ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ እንቅልፍሽ እንዴት ነው? እኔ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ከሚያማርረኝ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን። ባለሽበት አገር እሱ ይጠብቅሽ፤ የጀመርሽውን ሁሉ ያቅናልሽ።

በስልክ ያልደወልኩት የምጠይቅሽ ነገር ሥዕል ስላለበት ነው። የእኔ ስልክ ደግሞ ከመደወል ሌላ ምንም አያውቅም።

አዲሱ ሥራ አስኪያጃችን ከመጣ ዓመት ሊሞላው ነው። ከአፉ ሌላ ቃል ስለማይወጣ ሠራተኛው «ቀንሱ» የሚል ስም አውጥቶለታል። ባለፈው ሰኞ ቢሮው ጠራኝና ቁጭ በል እንኳ ሳይለኝ፣

«የቅብ ክፍል ወጪ በሦስት ወር ውስጥ በአንድ አምስተኛ ይውረድ» አለኝ።

«ከምኑ ላውርድ?»

«ከሰው።»

ከሰው ማለቱ፣ ማለቅለቂያ ገንዳዎቹ ላይ ከሚቆሙት ስምንት ሴቶች አራቱን አሰናብት ማለቱ ነው። ከመካከላቸው ትልቋ ከእኔ ጋር አሥራ ስድስት ዓመት ሠርታለች።

ሥራችንን ታውቂዋለሽ። ለኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሆኑትን ቦርዶች መስቀያ ላይ ደርድረን መዳብ የሟሟበት ገንዳ ውስጥ እንነክራለን፤ መዳቡ ሲይዝላቸው አውጥተን በሦስት ገንዳ ውሃ እናለቀልቃቸዋለን። እንዲህ ያለ መስመር ሁለት አለን። በየገንዳው አንድ አንድ ጎማ ከጠዋት ጀምሮ እንደተከፈተ ይውላል። ውሃው ገንዳውን ሞልቶ ይፈስና በወለሉ ቦይ አድርጎ ከአጥሩ ውጭ ይወጣል። ሲወጣ ሰማያዊ ነው። ከፍለን የገዛነውን መዳብ ቦይ እያጠጣነው ማለት ነው። ይህን ለ«ቀንሱ» ብነግረው በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው አፈሰሰው።

አንቺ ከሁለት ዓመት በፊት ፋብሪካችሁ ቆሻሻውንም ወጪውንም አንድ ላይ እንደቀነሰ፣ ጥናቱም ያንቺ እንደሆነ፣ የምስክር ወረቀት እንደሸለሙሽም ጽፈሽልኝ ነበር። እኔም ያን ደብዳቤ ለክፍሉ ሰው ሁሉ አንብቤላቸው ነበር። እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሪኝ። ሥዕሉንም ላኪልኝ። ከዚያ ሌላ የምጠይቅሽ የለም።

እናትሽ ደህና ናት። የእንግዳ ማረፊያዎቹን አንሶላ አጠባ ቀነስ አድርጋለች። ሰላም ብላሻለች።

አጎትሽ


ጥቅምት 29

ለማከብርዎ ጋሼ፣

ሰላምታዬ ከእግርዎ በታች ይድረስ። ጉልበትዎን ምሕረት ያድርግልዎ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። እኔ ደህና ነኝ። መልሱ የዘገየው በሥራ ብዛት ነው፤ ይቅር ይበሉኝ።

የእኛ ፋብሪካ ያደረገው ለየት ያለ ስለሆነ ለእናንተ አይሆንም። ስለዚህ እሱን ትቼ ማንም ቅብ ቤት ሊያደርገው የሚችለውን ልንገርዎ።

ከሁሉ በፊት አታቻኩሉት። መስቀያው ከመዳቡ ገንዳ ሲወጣ እዚያው ገንዳው ላይ እስከ ሃያ እየተቆጠረ ተንጠልጥሎ ይቆይ። ቦርዱ ላይ የተጣበቀው መዳብ ግማሹ ተመልሶ ወደ ገንዳው ይንጠባጠባል። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ማለቅለቂያ ላይ ያለውን ጎማ ዝጉት። ውሃው እዚያው ተኝቶ መዳቡን ይጠራቅም፤ የመንከሪያው ገንዳ ሲጎድል ከእሱ ሙሉበት። ቀሪዎቹን ሁለቱን ደግሞ በቱቦ አገናኟቸው። ንጹህ ውሃ የሚገባው በመጨረሻው ብቻ ይሁን፤ ከእሱ ሞልቶ ወደ መካከለኛው ይመለስ። ቦርዱ ወደ ፊት ሲሄድ ውሃው ወደ ኋላ ይሄዳል። ሥዕሉን በሁለት ወረቀት ሠርቼ አያይዤዋለሁ። አብሬ የላክሁት እስክሪብቶ የሚመስለው ዕቃ የውሃ መለኪያ ነው፤ ጫፉን ገንዳው ውስጥ ሲነክሩት ውሃው መቆሸሽ አለመቆሸሹን በቁጥር ያሳያል። ቁጥሩ ከፍ ካላለ ውሃ መጨመር አያስፈልግም። ለአራቱ ሴቶች ሲሉ በቶሎ ይጀምሩት።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እናቴ ባለፈው ወር አሥራ ሁለት ነጭ አንሶላ ላኪልኝ አለችኝ። ልኬላታለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሌላ አሥራ ሁለት ጨምሪልኝ አለች። ከተማው ውስጥ አንሶላ ጠፍቶ ነው? ስጠይቃት «አሮጌዎቹ ሳሱ» ትላለች። እናቴ አሮጌ ነገር የምትጥል ሰው አይደለችም።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 24

ለውድ የእህቴ ልጅ፣

ባለሽበት ሰላም ያውልሽ፤ ላሰብሽልን ሁሉ ዋጋሽን አምላክ ይክፈልሽ። ሥዕሉም መለኪያውም ደርሶኛል።

ሴቶቹን ሰብስቤ እስከ ሃያ ቁጠሩ አልኳቸው። ትልቋ፣ «እኔ ቤቴ ለባሌ እስከ መቶ ቆጥሬ ነው የምመልስለት፤ ሃያ ምን አላት» ብላ ሳቅ በሳቅ አደረገችን። በሁለተኛው ቀን «ቀንሱ» ከላይ በመስኮት አይቶ እየሮጠ ወረደ።

«ሥራው ለምን ቆመ?»

«አልቆመም፤ እያንጠባጠበ ነው።»

«ማንጠባጠብን ማን ፈቀደ?»

ለቱቦው የግዢ ወረቀት ይዤ ስሄድ ደግሞ ሳያነበው መለሰልኝ። ቀንስ አለኝ፤ መቀነሻውን ስጠይቀው ወጪ ነው አለኝ። ደሜ ፈልቶ ነው የወጣሁት።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ለማንም አታውሪ። «ጠብታ» የምንለው የቧንቧ ሠራተኛ አለን፤ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካየ ምሳውን ትቶ ስለሚጠግን ነው ስሙን ያገኘው። ጡረታ ሊወጣ ስድስት ወር ቀርቶታል። እሑድ ከቀትር በፊት ሁለታችን ገብተን ከቁርጥራጭ ክምር ቱቦ ለቅመን አንዱን መስመር እንደ ሥዕልሽ አገናኘነው። ውሃው ከመጨረሻው ገንዳ ሞልቶ ወደ ኋላ ሲሄድ «ጠብታ» እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ «አርባ ዓመት ሙሉ ውሃ ስደፋ ኖሬያለሁ ማለት ነው» አለኝ።

ይኸው ሁለተኛ ሳምንቱ ነው። የዚያ መስመር ውሃ ወደ ሲሶ ወርዷል። የምንጨምረው መዳብም እንደዚያው። ሁሉንም በደብተር ይዤዋለሁ። አሁን ለ«ቀንሱ» ላሳየው ነው፤ ወይ ይቀጣኛል ወይ ያመሰግነኛል፤ የሚያመሰግን ፊት ግን የለውም።

የአንሶላውን ነገር እናትሽን ጠይቂያት። እኔ በሴት ዕቃ አልገባም።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 12

ለማከብርዎ ጋሼ፣

ሰላምና ጤና ከቤትዎ አይጥፋ። ደብዳቤዎን ሥራ ቦታ ቆሜ አንብቤው ብቻዬን ስስቅ ሰው አየኝ። ኮርቼብዎታለሁ። ያለ ገንዘብና ያለ ፈቃድ፣ በሁለት ሰውና በቁርጥራጭ ቱቦ እንዲህ ያለ ውጤት እኔም አልጠበቅሁም ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ የቅብ ገንዳ ካየሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል። ሥዕሉን የሠራሁት ከትምህርት ቤት ደብተሬ ነው።

ከደብተርዎ ሁለት ሦስት ገጽ ገልብጠው ቢልኩልኝ ደስ ይለኛል።

እናቴ አጠባውን ልትተወው ነው አለችኝ። «ወገቤን አመመኝ» ትላለች። ባለፈው ዓመት ወገቤ እንደ ልጃገረድ ነው ስትለኝ ነበር። ጋሼ፣ የሚያውቁት ነገር ካለ አይደብቁኝ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 27

ለእህቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥሽ።

ከሁለት ወር በላይ ያልጻፍኩልሽ ታምሜ አይደለም። ተናድጄ ነው። በንዴት የተጻፈ ደብዳቤ ከተላከ በኋላ አይመለስም ብዬ ሁለቱን ቀድጃቸዋለሁ። ይህ ሦስተኛው ነው።

መጀመሪያ ደስ የሚለውን ልንገርሽ። «ቀንሱ» ደብተሩን እስከ መጨረሻው ገለበጠና ሁለቱም መስመር ይሠራ አለ፤ ቱቦም ተገዛ። አራቱ ሴቶች ከሥራ አልወጡም። ወዲያው እንግዶች ሲመጡ ገንዳዎቹ አጠገብ ቆሞ «እቅዱ የእኔ ነው» ሲላቸው እኔና «ጠብታ» ከኋላ ቆመን ሰምተናል። ይሁን። የምስጋና ረሃብ የለብኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ስሚ። በቆጠብነው ገንዘብ አራት ተጨማሪ መስመር ተተከለ። ሁለት የነበረው ስድስት ሆነ። ከአንድ ቦርድ የሚወጣውን መዳብ ወደ ሲሶ አወረድነው፤ ቦርዱን ሦስት እጥፍ አደረጉት። ቦይው ዛሬ መስከረም ላይ እንደነበረው ሆኖ፣ ያው ሰማያዊ ሆኖ ይፈሳል። እኔ በእጄ ለፍቼ ያደረግኩት ነገር ለ«ቀንሱ» ትርፍ፣ ለቦይው ምንም ሆነ። አመድ አፋሽ ሆኜ ቀረሁ።

ሥራ ስለበዛ ለአንድ ሳምንት ማሸጊያ ክፍል እንዳግዝ ላኩኝ። ከዚያ በፊት ዕቃው የት እንደሚሄድ አላውቅም ነበር፤ በአንድ ነጋዴ በኩል ነው የሚባለው። ካርቶኑ ላይ የመጨረሻውን ተቀባይ ስም አነበብኩ። ዓይኔ ነው ብዬ መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት። ያንቺ ፋብሪካ ነው። አንቺ የምትሠሪበት።

የቅብ ገንዳ ካየሁ ሁለት ዓመት አልፎኛል ያልሽው ያኔ ገባኝ። እናንተ ቆሻሻውን አልቀነሳችሁትም፤ ወደ እኛ ላካችሁት። ታውቂ ነበር? እኔ የምስክር ወረቀትሽን ወሬ ለሠራተኛው ሳነብ፣ አንቺ ታውቂ ነበር?

እናትሽ እንዳልነግርሽ አስምላኝ ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ መሐላዬን ሰብሬያለሁ። ያ ቦይ ከአጥራችን ወጥቶ በእናትሽ ጓሮ ሥር ያልፋል። ውሃ የምትቀዳበት ጉድጓድ ከቦይው አሥር እርምጃ አይርቅም። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ያጠበችው አንሶላ ሁሉ አረንጓዴ ነጠብጣብ እያወጣ ነው። በረኪና ብትጨምርበት ይብስበታል። የእንግዳ ማረፊያዎቹ ዕቃችንን አበላሸሽ እያሏት፣ አንቺ የላክሽውን አዲስ አንሶላ በተበላሸው ፈንታ ስትተካላቸው ከረመች። አሁን አንድም ደንበኛ የላትም። የእጇ ቆዳም ተሰነጣጥቋል። ወገቧ ደህና ነው።

አጎትሽ


መጋቢት 9

ጋሼ፣

በምን አፌ ሰላም እንደምልዎ አላውቅም። ቢሆንም ሰላም ይሁኑልኝ፤ እናቴንም አምላክ ይማርልኝ።

አውቅ ነበር። ሁሉንም ልንገርዎና ከዚያ የፈለጉትን ይበሉኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ፋብሪካው ትዕዛዝ አጥቶ ሊዘጋ ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል ብለው ጽፈውልኝ ነበር። በዚያው ሰሞን የእኛ አለቆች ወጪ የምንቀንስበትን መንገድ አጥኚ አሉኝ። ትልቁ ወጪ የቅብ ክፍሉና ቆሻሻውን የምናጣራበት ማሽን ነበር። ክፍሉን ዘግተን ቦርዱን ተቀብቶ ያለቀውን እንግዛ ብዬ ጻፍኩ። ከየት አሉኝ። የለመደ ባለሙያ ያለበት ፋብሪካ አውቃለሁ አልኩ። የእናንተን ነው የነገርኳቸው። አጎቴ ሥራ አያጣም ብዬ ነበር ደስታዬ። ቅጹ ላይ የቆሻሻውን መጠን በሚጠይቀው ቦታ «ዜሮ» ብዬ ሞላሁ፤ በእኛ ግቢ ውስጥ ዜሮ ስለሆነ። በእናንተ በኩል ማጣሪያ መኖር አለመኖሩን አልጠየቅሁም። ለመጠየቅ ፈርቼ ነው። ከጠየቅሁ መልሱን ማወቄ ነው።

ያልነገርኩዎት በመጀመሪያ ውለታ እንዳይመስልብኝ ነበር። ቦይው ሰማያዊ ነው ብለው ሲጽፉልኝ ደግሞ አፈርኩ። ለዚያ ነው መልሱ አምስት ሳምንት የፈጀው። ሥራ አልበዛብኝም ነበር።

ደብዳቤዎ በደረሰኝ ማግስት አለቃዬ ዘንድ ገባሁ። አቅራቢው ፋብሪካ ውሃውን አጣርቶ ይልቀቅ ብለን እናስገድድ አልኩት።

«ዋጋ ይጨምራሉ» አለኝ።

«ትንሽ ቢጨምሩስ?»

«ሌላ ርካሽ አገር አለ። ሦስት ፋብሪካ ደጃችን ቆሞ ይጠብቃል።»

ይኸው ነው። ዝም ካልኩ እናቴ፣ ከተናገርኩ እርስዎና ስምንቱ ሴቶች። ቢሮ ቁጭ ብዬ ግድግዳ ሳይ ዋልኩ። ጋሼ፣ ምን ላድርግ? ይቆጡኝ እንጂ ዝም አይበሉኝ።

የእህትዎ ልጅ


ሚያዝያ 5

ለእህቴ ልጅ፣

እግዜር ልቦናሽን ያረጋጋልሽ፤ የእኔንም።

ደብዳቤሽን ይዤ እናትሽ ዘንድ ሄድኩ። አሁን ሰው ያጠበውን እየተቀበለች በካውያ መተኮስ ብቻ ነው ሥራዋ። ቆሜ አነበብኩላት። አንዴም ቀና አላለችም።

«ይህን ያመጣችው እሷ ናት?» አለችኝ ሲያልቅ።

«ለእኔ ሥራ ብላ ነው።»

አንሶላውን ገልብጣ ሌላውን ጎን ጀመረች። «ታዲያ አንተ ሥራህን አላጣህም። ያጣሁት እኔ ነኝ» አለች።

ልቆጣሽ ነበር። ግን በመንገድ ሳስበው እኔም ያው ነኝ። ያን ቦይ ሃያ ሁለት ዓመት አየሁት። ቀለሙ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ፤ እህቴ የት እንደምትኖርም አውቃለሁ። ሁለቱን አንድ ላይ አስቤአቸው አላውቅም። አንቺ አልጠየቅሁም ትያለሽ፤ እኔ መጠየቅ እንኳ አያስፈልገኝም ነበር።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። አለቃሽ ዋጋ ይጨምራሉ ያለሽ ውሸት ነው። አንቺም ስለማታውቂ አመንሽው። ደብተሬን ሙሉውን ገልብጬ ልኬልሻለሁ። የሚወጣው ውሃ ስላነሰ ማጣሪያው ትንሽ ይበቃዋል። ሁለት የሲሚንቶ ገንዳ፣ ማማሰያና ኖራ ነው የሚፈልገው። ኖራ ስንጨምርበት መዳቡ እንደ ሰማያዊ ጭቃ ሆኖ ይዘቅጣል፤ ከላይ የጠራው ውሃ ይወጣል። በባልዲ ሞክሬዋለሁ። የገንዳዎቹ ወጪ ደግሞ በማለቅለቂያው ከምንቆጥበው በአምስት ወር ይሸፈናል። አንድ ሳንቲም ዋጋ ላይ አይጨመርም፤ «ቀንሱ» ትርፉን አምስት ወር መታገሥ ብቻ ነው ያለበት።

ይህንኑ ጽፌ ሰጥቼው ነበር። «ትርፉን ቦይ ውስጥ ልጣለው?» አለኝ። በሦስተኛው ቀን ከቅብ ክፍል አንስቶ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወረኝ። ቁልፍና መዝገብ ይዤ ነው የምውለው። ሴቶቹ በመስኮት ሲያልፉ እጃቸውን ያነሱልኛል።

የእኔ ቃል አልገባውም። የገዢ ቃል ግን ይገባዋል። በሚቀጥለው ትዕዛዝ ላይ አንድ መስመር አስጽፊ፦ ውሃው ሳይጣራ የተሠራ ቦርድ አንቀበልም በሉ። ዋጋው ባለበት ይቆይ። ለአለቃሽ ደብተሩን አሳዪው። ስሜም ይኑርበት፤ ከዚህ ወዲያ ወዴት ያዛውረኛል?

ሌላ ነገር አልፈልግም። ገንዘብ እንዳትልኪ። ሰሞኑን የላክሽውን እናትሽ ፖስታውን ሳትከፍት አስቀምጣዋለች።

አጎትሽ


ሰኔ 11

ለማከብርዎ ጋሼ፣

እንደምን ከረሙ? ዕድሜና ጤና አብዝቶ ይስጥዎ።

ሆነልን፤ አልሆነልንምም።

ደብተርዎን ወደ እነሱ ቋንቋ መልሼ፣ ቁጥሩን በሙሉ አስገብቼ ሰጠሁ። ከፊቱም የራሴን ገጽ ጨመርኩ። ከሦስት ዓመት በፊት «ዜሮ» ብዬ የሞላሁት ስህተት ነው፣ ቆሻሻው አልጠፋም፣ ቦታ ነው የቀየረው ብዬ ፈረምኩበት። አለቃዬ አንብቦ ሲጨርስ፣

«ራስሽን እየከሰስሽ መሆኑ ይገባሻል?» አለኝ።

«ይገባኛል።»

«ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም አልጠየቀኝም። ችግሩም እሱ ነው» አልኩት።

አምስት ሳምንት አንከራተቱኝ። አንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይልከኛል፤ ሌላው ፊርማ ጎድሏል ይለኛል። በመጨረሻ ዋጋ እንደማይጨምር በቁጥር ሲያዩት አንዷን መስመር ጻፏት። የሚወጣው ውሃ የተጣራ መሆኑ በየሦስት ወሩ በምርመራ ወረቀት ይረጋገጥ ትላለች። ትዕዛዙ ከዚህ ደብዳቤ በፊት ሥራ አስኪያጃችሁ እጅ ይደርሳል። እርስዎ ወደ ክፍልዎ ይመለሱ የሚል ቃል እንዲጨምሩ ለምኜ ነበር፤ የሰው የውስጥ ጉዳይ ነው ብለው እምቢ አሉኝ።

እኔን ከጥናት ክፍል አንስተው የመለዋወጫ ቁጥር እንድመዘግብ አድርገውኛል። ሁለታችንም ግምጃ ቤት ገባን ማለት ነው። እድገቴ ቀርቷል። አላዝንም ብል ውሸቴን ነው፤ አዝኛለሁ።

ጋሼ፣ ለእናቴ ምን ብዬ እንደምጽፍላት ጨንቆኛል። ስደውል አታነሳም። እኔ ዘንድ መጥታ እንድትኖር ትፈልግ እንደሆነ ይጠይቁልኝ። ይቅርታ እንደምጠይቃትም እርስዎ ይንገሩልኝ። ከእርስዎ አፍ ቢሆን ይቀላታል።

የእህትዎ ልጅ


ሐምሌ 20

ለውድ የእህቴ ልጅ፣

ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። ያጣሽውንም በተሻለ ይተካልሽ።

ትዕዛዙ ደርሷል። «ቀንሱ» ወረቀቱን ይዞ ግቢውን ሁለቴ ዞረ። በሳምንቱ ቁፋሮ ተጀመረ፤ በሦስት ሳምንት ሁለቱ ገንዳዎች ቆሙ። ልኩን የያዘው «ጠብታ» ነው፤ ጡረታውን ስድስት ወር አራዝሞ። ገንዳዎቹ ሲመረቁ «ቀንሱ» ንግግር አደረገ። እኔ አልተጠራሁም፤ ግምጃ ቤት ቆሜ በድምፅ ማጉያው ሰማሁት። «ይህ የእኔ የቆየ ሕልም ነው» ሲል ትልቋ ሴት ከሰው መሐል አፏን በሻርፕ ሸፍና ወጥታ እኔ ዘንድ እስክትደርስ ሳቀች። ከዚያ ደግሞ ተናደደች። እኔም እንደሷ አንዴ ስስቅ አንዴ ስናደድ ዋልኩ።

ቦይው ጠርቷል። በየጠዋቱ ስገባ አየዋለሁ፤ የሥሩ ድንጋይ ይታያል። ግን ተደላድለሽ እንዳትቀመጪ። ከገንዳው የሚወጣው ሰማያዊ ጭቃ በከረጢት ተሞልቶ ከጀርባው አጥር ሥር እየተከመረ ነው። የት እንደሚወሰድ ማንም አላሰበበትም። ዝናቡ በርትቷል። ለ«ቀንሱ» አሁንም አመለከትኩ፤ ውስጡ መዳብ አለ፣ አቅላጮች ይገዙናል፣ ወጪም አያስወጣንም ብዬ። «እናየዋለን» አለ። እስካሁን ግን አላየውም። መርማሪ ሲመጣ በዚያ በኩል አልፎ ክምሩን እንዲያይ የአጥሩን በር ቁልፍ እኔ ይዤዋለሁ፤ ግምጃ ቤት መግባቴ ይህን ጠቀመኝ።

ጉድጓዱ ግን አልዳነም። ውሃውን በመለኪያሽ ለካሁት፤ ቁጥሩ ብዙም አልወረደም። መሬቱ የጠጣውን እስኪተፋ ዓመታት ይፈጃል ይላሉ። እናትሽ ውሃ ከመንገድ ማዶ እየገዛች ነው። ከደንበኞቿ አንዱ ተመልሷል፤ አንድ ብቻ።

አሁን ለጥያቄሽ። አንቺ ዘንድ ትመጣ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ሰው አገር ሄጄ የማን አንሶላ ልጠብ?» አለችኝ። ይቅርታሽንም ነገርኳት። ካውያውን አቁማ አስቀመጠችው፤ መጥፋቱንም አየች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ነው የምጽፈው፦

«ከመስከረም ጀምሮ ስለ እኔ ትጻጻፋላችሁ። ውሃዬን ለካችሁ፣ እጄን ጻፋችሁ፣ ወገቤን ጻፋችሁ። እሷ ስለ እኔ ላንተ ትነግርሃለች፤ አንተ ስለ እኔ ለሷ ትነግራታለህ። ለእኔ የጻፈ የለም። ስልክ የማላነሳው ቶሎ ብላ አልቅሳ እንዳትገላገለኝ ነው። ቁጭ ብላ ትጻፈው። ማንበብ እችላለሁ።»

ልክ ናት።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ስትጨርሺ ለእኔ መልስ እንዳትጽፊ። ለእሷ ጻፊ፤ ስለ ገንዳውም ስለ ትዕዛዙም አታንሺ፤ እሱን ከእኔ ሰምታለች። ያደረግሽውንና ያላደረግሽውን ራስሽ ንገሪያት። አድራሻው ያው ነው፤ ከፋብሪካው አጥር በታች፣ ሦስተኛው በር።

አጎትሽ